ፋይልስ ባይ ጉግል፦ መጥረጉን ይችላል፣ ማደራጀቱ ግን የባለቤቱ ነው

የአንድሮይድ ስልክ ቦታ ሞላ ማለት ሲጀምር ብዙ ሰው የሚሮጠው ወደ «ጽዳት» አፕ ነው። አብዛኞቹ ከሚጠርጉት ይልቅ የሚረጩት ማስታወቂያ ይበዛል። ፋይልስ ባይ ጉግል እዚህ ላይ ይለያል፦ ነጻ ነው፣ ማስታወቂያ አይጭንባችሁም፣ በብዙ ስልኮች ላይም ተጭኖ ይመጣል። በ2017 ፋይልስ ጎ ተብሎ ወጣ፤ የአሁኑን ስም ያገኘው በ2018 ነው። ለአይፎን አልተሠራም።

ሥራው ያለው «ክሊን» በሚለው ገጽ ነው። በቆዩት እትሞች ከታች ታገኙታላችሁ፤ በአዲሶቹ ከላይ በግራ ያሉት ሦስት መስመሮች ውስጥ ገብቷል። ገጹ የሚጠረገውን በየዓይነቱ ለይቶ ያቀርባል፦ ትርፍራፊ፣ ድግግሞሽ፣ ትላልቅ ፋይሎች፣ የቆዩ ስክሪንሹቶች፣ ዳውንሎዶች፣ የማትጠቀሙባቸው አፖች። የመጨረሻውን ለማሳየት የአፕ አጠቃቀማችሁን የማየት ፈቃድ ይጠይቃል፤ ካልፈቀዳችሁ ዝርዝሩ አይመጣም።

ትርፍራፊው ቀድሞ ዓይን ይገባል እንጂ ብዙ አይጠቅምም። በአብዛኛው ካሽ ነው፣ አፖች ቶሎ ለመክፈት የሚያስቀምጡት ጊዜያዊ ፋይል፤ አፖቹ በተከፈቱ ቁጥር መልሰው ይሞሉታል። በየቀኑ እሱን መጫን ስልኩን አያፈጥነውም።

ድግግሞሹ ግን እውነተኛ ጥቅም አለው፣ ወሰኑን ካወቃችሁ። አፑ የሚይዘው ፍጹም አንድ የሆኑትን ብቻ ነው። ሦስት ጊዜ አውርዳችሁት ስሙ ላይ 1 እና 2 የተጨመረበትን ፒዲኤፍ ወዲያው ያገኘዋል። በተከታታይ የተነሡ አምስት ተመሳሳይ ፎቶዎችን ግን እንደ አምስት የተለያዩ ፋይሎች ያያቸዋል። በዋትስአፕ የተላከ ፎቶም በመንገድ ላይ ስለሚታመቅ ከዋናው ጋር አይገጥምም። ሁሉንም ምረጥ ብሎ ከመሰረዝ በፊት የሚቀረው ቅጂ የት እንዳለ ተመልከቱ፤ በሥርዓት ካስቀመጣችሁበት ፎልደር ያለው ጠፍቶ በዳውንሎድ ውስጥ ያለው ቢቀር ያው እንደገና ፍለጋ ነው።

ተጠቃሚን ሁሉ የሚያደናግረው ትራሹ ነው። 3 ጊጋ ሰርዛችሁ የማከማቻው ቁጥር ንቅንቅ ካላለ አፑ አልተበላሸም፤ የተሰረዘው ትራሽ ውስጥ 30 ቀን ይቆያል፣ እስከዚያም ቦታውን ይዞ ይቀመጣል። ቦታው ዛሬ ካስፈለጋችሁ ትራሹን ራሱን ባዶ አድርጉት። ካልቸኮላችሁ ተዉት፤ በስህተት የሄደ ሰነድ የሚመለሰው ከዚያ ነው።

ትልቁ ጉድለት የመልእክት አፖች ላይ ይታያል፤ ግርግሩ የሚመጣውም ከእነሱ ነው። ከአንድሮይድ 11 ወዲህ አንድ አፕ የሌላውን የግል ክምችት መመልከት ስለማይችል፣ የቴሌግራም ካሽ ብዙ ጊጋ ቢደርስም ፋይልስ አያየውም። መጥረግ ያለባችሁ ከቴሌግራም ሴቲንግ፣ በዳታና ማከማቻ በኩል ነው። እዚያው ሚዲያ የሚቆይበትን ጊዜ ለግል ውይይት አንድ ወር፣ ለግሩፕና ለቻናል አንድ ሳምንት አድርጉት፤ የቻናሎችን አውቶማቲክ ማውረድም አጥፉ። ከተራ ውይይቶች የተጠረገው ከቴሌግራም ሰርቨር እንደገና ይወርዳል፤ ኪሳራው የኢንተርኔት ዳታ ብቻ ነው።

ዋትስአፕ እንዲህ አይደለም። ፎልደሮቹ በፋይልስ ውስጥ ይታያሉ፣ ግን ከዚያ የተሰረዘ ቪዲዮ በውይይቱ ውስጥም አይከፈትም፤ ላኪው ደግሞ ካልላከው የሚመለስበት መንገድ ላይኖር ይችላል። ስለዚህ ከዋትስአፕ የራሱ የማከማቻ አስተዳደር ጀምሩ፦ ከ5 ሜጋ በላይ የሆኑትንና ብዙ ጊዜ የተላለፉትን ለይቶ ያሳያል። ከዚያ በኋላ በፋይልስ በኩል «ሴንት» የሚሉትን ፎልደሮች እዩ፤ የላካችሁት ሁሉ አንድ ቅጂ እዚያ ተቀምጧል፣ ዋናው ስልካችሁ ላይ እያለ።

ማደራጀት ላይ አፑ ደካማ ነው። ቦታ ያስለቅቃል፣ የትኛው ውል የቱ እንደሆነ ግን አይነግራችሁም። የሚያዋጣው ዳውንሎድን እንደ ደጃፍ መቁጠር ነው፦ ይገባበታል እንጂ አይኖርበትም። በዶክመንትስ ውስጥ ከአራት ወይም ከአምስት የማይበልጡ ፎልደሮች ክፈቱ፤ ሃያ ከሆኑ የት እንዳስቀመጣችሁት ማስታወስ ራሱ ሥራ ይሆናል። በሳምንት አንዴ ዳውንሎድን በመጠን ሳይሆን በቀን ደርድሩት፤ የሚፈለገውን ስሙን ቀይራችሁ ውሰዱት፣ የቀረውን ሰርዙ። ስሙ በዓመት፣ በወርና በቀን ይጀምር፣ 2025-03-07 ብሎ ከዚያ «የኪራይ ውል»። ዜሮዋን አትዝለሏት፤ ያለ እሷ 10ኛው ወር ከ3ኛው ቀድሞ ይሰለፋል።

ለፎቶዎች ጉግል ፎቶስን የምትጠቀሙ ከሆነ አንድ ነገር ለዩ። በፎቶስ ውስጥ ያለው ቦታ አስለቅቅ የሚለው ትእዛዝ በኢንተርኔት የተቀመጡትን ከስልኩ ላይ ብቻ ያነሣል፤ ተራው ሰርዝ ግን ከሁለቱም ቦታ ያጠፋል።

በፋይልስ ውስጥ ያለው፣ በፒን የሚቆለፈው ሴፍ ፎልደርም ለመታወቂያ ቅጂና ለመሳሰለው ምቹ ነው፤ ሆኖም ፒኑን ከረሳችሁ ውስጡ ያለውን መክፈት አትችሉም። ሌላ ቅጂ የሌለውን ሰነድ እዚያ ብቻ አታስቀምጡ፤ ስልክ ከመቀየራችሁ በፊትም አውጥታችሁ ወደ ተራው ፎልደር መልሱት።