ግንፍሌ አጠገብ ያለችው ችግኝ ቤትና አባዬ

ከአራት ኪሎ ወደ ቀበና ስትወርዱ፣ ግንፍሌ ወንዝ አካባቢ፣ በቆርቆሮ የታጠረች አንዲት ችግኝ መሸጫ አለች። ታፔላ የላትም። አብዛኛው ሰው የሚመጣው ለቢሮ ወይም ለበረንዳ አበባ ሊገዛ ነው። እኔ ግን አባዬን ይዤ መመላለስ ከጀመርኩ ስምንት ወር ሆነኝ። ስለዚህ የምጽፈው ስለ አበባው ብቻ አይደለም።

አባዬ የቀድሞው ሠራዊት ሃምሳ አለቃ ነው። መጋቢት 1980 ኤርትራ ውስጥ ናደው ዕዝ የሚባለው የሠራዊቱ ክፍል በሻዕቢያ ተመትቶ ሲበተን አፋቤት ነበር። የግራ እጁን ሁለት ጣቶች እዚያ ትቶ መጥቷል። በ1983 ሠራዊቱ ሲፈርስ ቤቱ ገባ። እኛ ልጆች ሆነን ሌሊት ሲጮህ እንነቃ ነበር። እማዬ "አባታችሁ ሕልም አይቶ ነው፣ ተኙ" ትለናለች። ሐኪም ዘንድ የወሰድነው ካረጀ በኋላ ነው። ፒቲኤስዲ አሉት፤ እንደ ጦርነት ያለ አስደንጋጭ ነገር ካለፈ በኋላ አእምሮ ላይ የሚቀር ሕመም ነው። በሽታው በዚህ ስም በአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች መመሪያ ውስጥ የገባው በፈረንጆቹ 1980 ነው፤ ከአፋቤት ስምንት ዓመት ብቻ ቀድሞ። እማዬ ምን ታድርግ? ሕልም ነው ከማለት ሌላ ቃል አልነበራትም።

መድኃኒት ሲጀምር እንቅልፉ ትንሽ ተሻለው። ቀኑ ግን አልገፋለት አለ። ከጠዋት እስከ ማታ ሶፋው ላይ፣ ፊቱን ወደ በሩ አዙሮ ይቀመጣል። ሐኪሟ "እጁ የሚውልበት ነገር ፈልጉለት፤ የገበሬ ልጅ ከሆነ አፈር ይንካ" አለችን። እኛ የምንኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። አፈር ከየት ይምጣ?

መጀመሪያ የሄድነው አንድ ጤና አዳም ልንገዛ ነበር። ባለቤቷ ሃምሳዎቹ ውስጥ ያለች ሴት ናት። አባዬ ጥግ ላይ ቆሞ አየችውና "ጋሼ፣ እስቲ ይቺን ይያዙልኝ" ብላ አፈር የሚሞላበት ጥቁር ፕላስቲክ ሰጠችው። ከዚያ ወደ ሥራዋ ዞረች። እኔ መርጬ፣ ተከራክሬ፣ ከፍዬ ስመለስ ዘጠኝ ፕላስቲክ ሞልቶ ደርድሯል። ቀጥ ባለ ሰልፍ። "ስንት ስንት ነው የምትቀላቅሉት?" ብሎ ጠየቃት። ሦስት እጅ አፈር፣ ሁለት እጅ ፍግ፣ አንድ እጅ አሸዋ። በዚያ ሳምንት ከራሱ አንስቶ የተናገረው ረጅሙ ነገር ይህ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ማክሰኞና ሐሙስ ከ3 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት እዚያ ነው። "ልክፈልሽ" ስላት "ለምኑ?" አለችኝ።

ዴንማርክ ውስጥ ይህን ነገር በሥርዓት የሚሠሩት አሉ። የኮፐንሃገን ዩኒቨርሲቲ ናካዲያ የሚባል ለሕክምና የተዘጋጀ የአትክልት ስፍራ አለው። ከጦርነት ተመልሰው ፒቲኤስዲ ያለባቸው ወታደሮች ለ10 ሳምንት እየተመላለሱ አትክልት ሠርተውበታል፣ ዛፍ ሥር ብቻቸውን አርፈዋል፣ ከባለሙያ ጋር አውርተዋል። ችግኝ ቤቷ እንደዚያ አይደለችም፤ ባለሙያም የላትም። አባዬ መድኃኒቱን ይወስዳል፣ ቀጠሮውንም አያስቀርም። ይህን የምለው የእናንተም አባት ወይም አጎት እንደሱ ከሆነ፣ መድኃኒቱን አስጥላችሁ አካፋ እንዳታስይዙት ነው።

አሁን ይህን ሁሉ እንድጽፍ ወዳደረገኝ ቀን ልምጣ። በሁለተኛው ወር ይመስለኛል። አባዬ ከመንገዱ በኩል ቁጭ ብሎ አፈር ይሞላል። የአንድ ታክሲ ጎማ ፈነዳ። አባዬ በደረቱ መሬት ላይ ተኛ። ከፍግ ጆንያው ጀርባ፣ ሁለት እጁን ራሱ ላይ አድርጎ። እኔ ልሮጥ ስል ባለቤቷ ክንዴን ያዘች። አብሮት ይሠራ የነበረው ልጅ አልሳቀም፣ አልጮኸም፣ ላንሳዎት አላለም። አጠገቡ ቁጢጥ አለና መሙላቱን ቀጠለ። ፕላስቲኩን ከፍቶ፣ አፈሩን ጨምሮ፣ መሬት ላይ ጠብ ጠብ እያደረገ። ሦስተኛው ላይ ሲደርስ አባዬ ቀና አለ። ልጁ አንድ ባዶ ፕላስቲክ አቀበለው። አባዬ ተቀበለ። እጁ እየተንቀጠቀጠ ግማሹን አፈር ደፋው፤ ሁለቱም ዝም አሉ።

በሚቀጥለው ሐሙስ ስንሄድ ቦታው ተቀይሯል። ከኋላ፣ ወንዙ ጋ፣ ግንቡን ተደግፎ የሚቀመጥበት በርጩማ ጥላ ሥር አዘጋጅታለታለች። ከመንገዱ ርቋል፣ መግቢያውም ይታየዋል። መግቢያው እንዲታየው የነገራት የለም።

አሁን የእሱ ሥራ የጥብስ ቅጠል ማባዛት ነው። ጫፉን ጣት በሚያክል ርዝመት ይቆርጣል፣ የታችኛውን ቅጠል ላጥ ያደርጋል፣ አሸዋ በበዛበት አፈር ይሰካዋል። ዙሪያውን የሚጠቀጥቀው በዚያች ሁለት ጣት በጎደላት በግራ እጁ ነው። ለዚህ ሥራ ከእኔ ሙሉ እጅ የእሱ ይሻላል፤ ሞክሬዋለሁ። ቤት ሲመጣ እጁ የጥብስ ቅጠል ይሸታል። ሌሊት መንቃቱ አልቀረም። ባለፈው ክረምት ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ሳሎን ቆሞ አገኘሁትና ደነገጥኩ። "ይህ ዝናብ ችግኞቹን ይደበድባቸዋል" አለኝ። ተቀምጠን ስለ ዝናቡ አወራን።

ስለ ገበያውም ልንገራችሁ። የጥብስ ቅጠል ችግኝ 60 ብር፣ ጤና አዳም ከነሸክላው 200 ብር ገዝቻለሁ። ዋጋ አልተጻፈም፤ ከእኔ በፊት የነበረችው ሴትዮ ያንኑ ጤና አዳም በ150 ነው የወሰደችው። ይህ ደስ አይልም። "የተዳቀለ ነው" ተብዬ ለአክስቴ የገዛሁት አቮካዶም ሲታይ የማዳቀያ ጠባሳ የለውም። ስመልሰው ያለ ክርክር ቀየሩልኝ፣ ግን ሲሸጡም ሊያውቁት ይገባ ነበር። አቮካዶ ከገዛችሁ ግንዱ ሥር ያለውን ጠባሳ ራሳችሁ ፈልጉ። መጸዳጃ ቤት የለም፤ ለሽማግሌ ከባድ ነው፣ እኛን ፊት ለፊት ያለችው ሻይ ቤት ናት የምታስተናግደን። በክረምት ጭቃው ያንሸራትታል፣ ቦት ጫማ አድርጉ። ቡገንቪሉና ጽጌረዳው ግን ጤነኛ ነው፤ ከወሰድኩት አንድም አልደረቀብኝም።

ከሄዳችሁ ጠዋት ሂዱ፣ ፀሐይ ሳይበረታ። ከኋላ በኩል በርጩማ ላይ ኮፍያ ያደረገ ሽማግሌ ካያችሁ ስለ ጥብስ ቅጠል ጠይቁት፤ በደስታ ያስረዳችኋል። ስለ እጁ ግን አትጠይቁት።