ፋይተር በአዲሱ የዲ ኤንድ ዲ መጽሐፍ፦ ክላሱን ያዙት፣ የቁጥር ድልድሉን ግን ተዉት

የ2024ቱን የዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ (ዲ ኤንድ ዲ፣ ጠረጴዛ ዙሪያ በዳይስ የሚጫወቱት የጀብዱ ጨዋታ) ፕሌየርስ ሃንድቡክ፣ የተጫዋቾች መመሪያውን፣ ይዛችሁ ከ12ቱ ክላስ (የገጸ ባህርያችሁ ሙያ) የቱን ልምረጥ እያላችሁ ከሆነ እኔ ሳላመነታ ፋይተር፣ ተዋጊው፣ ነው የምላችሁ። ይሄ ሪቪው ስለ መጽሐፉ በሙሉ አይደለም፣ 384 ገጽ ነው፣ ስለ ስፔሉ (አስማቱ) ስለ ምኑ ሌላ ሰው ይጻፍ። እኔ የማወራው ስለ ፋይተሩ ክፍል ብቻ ነው፣ በተለይ ደግሞ ከዛ ክፍል ውስጥ እውነት የሚሠራ፣ ጓደኞቹን በሕይወት የሚያቆይ ፋይተር እንዴት እንደሚወጣ።

ጨዋታው በ1974 ሲወጣ ከነበሩት ሦስት ክላሶች አንዱ ተዋጊው ነበር፣ ያኔም ከአስማተኛውና ከክሌሪኩ (ከካህኑ) እኩል የተወለደ ነው። ግን በ2014ቱ ሕግ የተጫወተ ሰው የፋይተርን ተራ ያውቀዋል፦ እመታለሁ፣ እንደገና እመታለሁ፣ ጨርሻለሁ፣ ቀጣይ። አስማተኛው ግድግዳ ሲያቆም ሰው ሲያስተኛ ፋይተሩ ቁጥር ብቻ ነው የሚደምረው። አዲሱ መጽሐፍ ይሄን ነገር አስተካክሎታል፣ ያስተካከለውም በዋናነት በአንድ ነገር ነው፣ ዌፐን ማስተሪ በሚባለው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እያንዳንዱ መሣሪያ የራሱ የሆነ አንድ ባህርይ አለው፣ ፋይተር ደግሞ ከሌቭል (የዕድገት ደረጃ) 1 ጀምሮ በሦስት ዓይነት መሣሪያ ባህርይ መጠቀም ይችላል፣ ሌቭል 4 ላይ አራት፣ 10 ላይ አምስት፣ 16 ላይ ስድስት እያለ ይሄዳል፣ ሌላ ክላስ እዚህ ድረስ አይደርስም። ግሬትሶርድ ግሬዝ አለው፣ ብትስቱ እንኳን የጥንካሬያችሁን ቦነስ ያህል ጉዳት ታደርሳላችሁ። ማውል ቶፕል አለው፣ የመታችሁት ሰውዬ ሴቩን (ለመከላከል የሚወረውረውን ዳይስ) ከወደቀ መሬት ላይ ይዘረራል። ፓይክና ዋርሃመር ፑሽ አላቸው፣ መጠኑ ላርጅ (ትልቅ) ወይም ከዛ ያነሰ ጠላት ከሆነ 10 ጫማ ወደ ኋላ ይገፋል። ሎንግሶርድ ሳፕ አለው፣ የተመታው ጠላት ቀጣይ ጥቃቱን በዲስአድቫንቴጅ (ሁለት ዳይስ ተወርውሮ ትንሹ ይያዛል) ነው የሚወረውረው። ሬፒየር ቬክስ አለው፣ የእናንተ ቀጣይ ጥቃት እዛው ጠላት ላይ አድቫንቴጅ (ሁለት ተወርውሮ ትልቁ ይያዛል) ያገኛል።

አሁን ብዙ ሰው እዚህ ጋ ደርሶ "የቱ ነው ብዙ ዳሜጅ (ጉዳት) ያለው" ብሎ ይጠይቃል። እሺ ሒሳቡን እንሥራው። ሌቭል 1 ላይ ጥንካሬ 17 ያለው ፋይተር አርመር ክላስ (ለመምታት መድረስ ያለባችሁ ቁጥር) 13 የሆነ ጠላት ላይ ባለ 20 ጎን ዳይስ በ5 ቦነስ ሲወረውር የመምታት ዕድሉ 65 በመቶ ነው፣ ግሬትሶርድ ሲመታ በአማካይ 10 ነው፣ ስለዚህ 6.5፣ ግሬዝ ሲጨመርበት ክሪቱን (የጉዳት ዳይሱ እጥፍ የሚሆንበትን ምት) ሳንቆጥር 7.5 አካባቢ ይሆናል። ጥሩ ቁጥር ነው፣ አይናቅም። ግን ፋይተርን ፋይተር የሚያደርገው ይሄ አይመስለኝም፣ ጠላት የፈለገበት ቦታ እንዳይደርስ ማድረጉ ነው። አንድ ኦግር (ግዙፍ ጭራቅ) ወደ አስማተኛችሁ ሊሄድ ሲል በሎንግቦው ስሎው መትታችሁ 10 ጫማ ፍጥነት ስትቀንሱበት ወይም በፓይክ ገፍታችሁ ስታርቁት ያ ተራ ለጓደኛችሁ ሕይወት ነው፣ ወረቀት ላይ የዳሜጅ ሒሳብ ውስጥ ግን ፈጽሞ አይታይም።

ስለዚህ አንድ መሣሪያ ብቻ ይዛችሁ አትዙሩ በናታችሁ። በአዲሱ ሕግ አታክ አክሽን (በተራችሁ የማጥቃት እርምጃ) ስትወስዱ በእያንዳንዱ ጥቃት አንድ መሣሪያ ማውጣት ወይም መመለስ ትችላላችሁ፣ ማለት ሌቭል 5 ላይ ሁለት ጥቃት ሲኖራችሁ በማውሉ መትታችሁ ጥላችሁት ማውሉን ትመልሱና በሁለተኛው ጥቃት ግሬትሶርዱን አውጥታችሁ የወደቀውን በአድቫንቴጅ ትመታላችሁ። ብቻ አንድ ነገር ልብ በሉ፣ የወደቀ ጠላት በ5 ጫማ ውስጥ ላለ ሰው ነው አድቫንቴጅ የሚሰጠው፣ ከሩቅ ለሚተኩስ ዲስአድቫንቴጅ ነው። ቡድናችሁ ውስጥ ሁለት ቀስተኛ ካለና እናንተ ሁሉንም እየዘረራችሁ ከሆነ እየረዳችሁ ሳይሆን እያስቸገራችሁ ነው፣ ከነሱ በፊት ማን እንደሚጫወት አይታችሁ ወስኑ። ሌላው ቶፕል በየምቱ ሴቭ ስለሚያስወረውር ጨዋታውን ያንቀራፍፈዋል፣ ይሄን እንደ ድክመት ነው የምቆጥረው፣ ዲኤሙ (ጨዋታውን የሚመራው ሰው) አምስት ጭራቅ እያንቀሳቀሰ በየመሀሉ ዳይስ ማስወርወር ያደክማል።

አሁን ወደ ዋናው ቅሬታዬ ልምጣ። መጽሐፉ ለጀማሪ ብሎ ለየክላሱ የስድስቱን ችሎታዎች የቁጥር ድልድል አስቀምጧል፣ ለፋይተር የሰጠው ጥንካሬ 15፣ ቅልጥፍና 14፣ ኮንስቲትዩሽን (የሰውነት ጽናት) 13፣ ኢንተለጀንስ (ዕውቀት) 8፣ ዊዝደም (ማስተዋል) 10፣ ካሪዝማ (ግርማ) 12 ነው። እኔ በዚህ ፈጽሞ አልስማማም። መጽሐፉ ራሱ በመጀመሪያው የዕቃ ምርጫ ቼይን ሜይል (የሰንሰለት ጥሩር) ነው የሚያለብሳችሁ፣ አርመር ክላሱ 16 ነው፣ ከባድ ጥሩር ስለሆነ ቅልጥፍና ምንም አይጨምርበትም፣ ታዲያ 14ቱ እዛ ምን ይሠራል? ኢኒሼቲቭ (ማን ቀድሞ እንደሚጫወት የሚወስነው ዳይስ) እና የቅልጥፍና ሴቭ ላይ ይጠቅማል፣ እሺ፣ ግን ዊዝደምን 10 ላይ ትቶ? ፋይተር የሚሞተው በሰይፍ አይደለም እኮ፣ የሚሞተው አእምሮው ተይዞ ነው። ፋይተር በተፈጥሮው ሴቭ ላይ ጎበዝ የሆነው በጥንካሬና በኮንስቲትዩሽን ብቻ ነው፣ ጠላት አስማተኛ ደግሞ ይሄን ያውቃል፣ ሆልድ ፐርሰን (በዊዝደም ሴቭ የሚመከት፣ ሰውን የሚያደርቅ ስፔል) ይለቅባችኋል፣ ቆማችሁ ትቀራላችሁ፣ ከዛ በ5 ጫማ ውስጥ ሆኖ የመታችሁ ሁሉ ክሪት ነው። ከዚህ የባሰው ደግሞ ፋይተሩ ተማርኮ ወደ ጓደኞቹ ሲዞር ነው፣ ያን ሁሉ ጥቃት ወገን ላይ ሲያወርደው ማየት በጣም ነው የሚያሳዝነው።

እኔ የምመክረው ድልድል ይሄ ነው። ባክግራውንድ (የገጸ ባህርያችሁ የቀድሞ ሕይወት) ስትመርጡ ሁሉም ሰው ሶልጀር (ወታደር) ነው የሚለው፣ ስሙ ስለሚስብ ነው፣ ሶልጀር ግን ዊዝደም አይጨምርም። ፋርመርን እዩት፣ ገበሬው ማለት ነው፣ ጥንካሬ ኮንስቲትዩሽንና ዊዝደም ላይ ነው የሚጨምረው፣ ቶፍ የሚባለውን ልዩ ችሎታ ይሰጣል፣ ያ ደግሞ በየሌቭሉ 2 ሂት ፖይንት (የሕይወት ነጥብ) ይጨምራል። ጥንካሬ 15 ላይ 2 ጨምሩ 17፣ ኮንስቲትዩሽን 14፣ ዊዝደም 13 ላይ 1 ጨምሩ 14፣ ቅልጥፍና 12፣ ካሪዝማ 10፣ ኢንተለጀንስ 8። ሌቭል 1 ላይ 14 ሂት ፖይንት ይዛችሁ ትጀምራላችሁ። ሰው ዘር ከመረጣችሁ አንድ ተጨማሪ የመነሻ ችሎታ ስላለው አለርትን ውሰዱ፣ ኢኒሼቲቫችሁ ላይ ፕሮፊሸንሲያችሁ (ከሌቭል ጋር የሚያድግ የብቃት ቦነስ) ይደመራል፣ ያ ቅልጥፍና 14 ያላደረጋችሁትን ይክሳል፣ ደግሞ ኢኒሼቲቫችሁን ከጓደኛ ጋር መቀያየር ትችላላችሁ፣ አስማተኛው ቀድሞ ስፔሉን እንዲለቅ ከፈለጋችሁ ወርቅ ነው።

ሌቭል 4 ላይ ግሬት ዌፐን ማስተር የሚባለውን ልዩ ችሎታ ውሰዱ፣ ጥንካሬ 18 ይሆናል፣ በከባድ መሣሪያ በተራችሁ በመታችሁ ቁጥር ፕሮፊሸንሲያችሁን ያህል ዳሜጅ ይጨምራል። የድሮው ከመምቻው ዳይስ 5 ቀንሰህ ጉዳቱ ላይ 10 ጨምር የሚለው ቁማር ቀርቷል፣ በመቅረቱ ደስ ብሎኛል፣ ምክንያቱም የሚያባክነው ሰው በዝቶ ነበር። ሌቭል 6 ላይ ደግሞ ብዙ ሰው ጥንካሬን 20 ያደርጋል፣ እኔ ግን ሪዚልየንት ዊዝደም (ዊዝደምን በ1 ከፍ አድርጎ ሴቩ ላይ ፕሮፊሸንሲ የሚጨምር ችሎታ) ውሰዱ ነው የምለው፣ ፋይተር ሌላው ክላስ የሌለው ተጨማሪ ልዩ ችሎታ የመምረጥ ዕድል ሌቭል 6 ላይ አለው፣ በዛ ትርፍ ዕድል ቀዳዳውን ድፈኑበት። ልዩነቱን በቁጥር እዩት፦ ዲሲው (ሴቩ መድረስ ያለበት ቁጥር) 15 ለሆነ የዊዝደም ሴቭ ስፔል በመጽሐፉ ድልድል ከሄዳችሁ ሌቭል 6 ላይ የመትረፍ ዕድላችሁ 30 በመቶ ነው፣ በዚህኛው ግን ቦነሳችሁ 5 ስለሚሆን 55 በመቶ። ሌቭል 9 ላይ ደግሞ ኢንዶሚተብል የወደቀ ሴቭን በፋይተር ሌቭላችሁ ቦነስ ደግማችሁ እንድትወረውሩ ያደርጋል፣ ማለት በ9 ተጨማሪ፣ ድሮ ያለ ቦነስ መድገም ብቻ ነበር፣ አሁን እውነተኛ መከላከያ ሆኗል። እዛ እስክትደርሱ ግን የሚያቆማችሁ ዊዝደም ነው።

ስለ ጋሻ የሚጠይቅ አይጠፋም። ጋሻ 2 አርመር ክላስ ይጨምራል፣ ከሎንግሶርድ ሳፕ ጋር ሲሆን በጣም አሪፍ ጠባቂ ይወጣዋል፣ ቡድናችሁ ውስጥ ከእናንተ ሌላ ፊት ለፊት የሚቆም ከሌለ እንደውም ከግሬትሶርዱ እሱን ነው የምመርጠው። ቀስተኛ ፋይተርም ይሠራል፣ አርቸሪ ስታይል 2 ስለሚጨምር ብዙ አይስትም፣ ብቻ ከኋላ ሆናችሁ ማንንም አትሸፍኑም፣ ቡድኑ ሌላ ጋሻ ካለው ብቻ ያዙት። በሁለት ትንንሽ መሣሪያ የሚዋጋውን ለሌሎች ክላሶች ተዉላቸው።

ሌቭል 3 ላይ ከአራቱ መንገድ አንዱን ትመርጣላችሁ። ለእኔ ባትል ማስተር አንደኛ ነው፣ አራት ባለ 8 ጎን ዳይስና ሦስት ማኑቨር (የውጊያ ስልት) ይሰጣችኋል፣ ዳይሶቹ በአጭር ዕረፍት ይመለሳሉ። ፕሪሲዥን አታክን አትዝለሉት፣ ለጥቂት የሳታችሁትን ጥቃት ዳይሱን ጨምራችሁ ታድኑታላችሁ፣ ሁለተኛ ሪፖስት፣ ጠላት ሲስታችሁ በሪአክሽን (ከተራችሁ ውጪ በምትወስዱት ፈጣን ምላሽ) መልሳችሁ ትመቱታላችሁ። ሦስተኛውን እንደ ባህርያችሁ ምረጡ። ቻምፒዮን ድሮ የሰነፍ ምርጫ ይባል ነበር፣ አሁን ግን በ19ም ክሪት ከማድረጉ ሌላ ኢኒሼቲቭ ላይ አድቫንቴጅ አለው፣ አዲስ ተጫዋች ከሆናችሁ ወይም ብዙ ነገር መቁጠር ካልወደዳችሁ በሙሉ ልብ ያዙት። ኤልድሪች ናይት ሺልድ ስፔሉን ሲያገኝ ለመምታት እጅግ ከባድ ይሆናል። ሳይ ዋሪየርም መጥፎ አይደለም፣ ጠላት በአእምሮ መግፋት ለሚወድ ሰው ይመቻል።

አክሽን ሰርጅን የማባከን ነገር ብዙ ጠረጴዛ ላይ አያለሁ። ሌቭል 2 ላይ ነው የሚመጣው፣ በአንድ ተራ ተጨማሪ አክሽን፣ ሌቭል 5 ላይ አራት ጥቃት ማለት ነው። የመጀመሪያው ተራ ላይ ያገኙት ጎብሊን ላይ ሁሉ ያፈሱታል። ጠላት ወድቆ አድቫንቴጅ ሲኖራችሁ ወይም የጠላት አስማተኛ ኮንሰንትሬሽን (ስፔሉን የሚያቆይበትን ትኩረት) ይዞ በአንድ ተራ መውደቅ ሲኖርበት ያኔ ልቀቁት። በአጭር ዕረፍት ስለሚመለስ ደግሞ በፍርሃት ተሸክማችሁት ወደ ቀጣዩ ቀን አትሻገሩ። እዚህ ጋ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፣ ዲኤማችሁ በቀን አንድ ትልቅ ውጊያ ብቻ የሚያደርግና ዕረፍት የማይሰጥ ከሆነ ፋይተር ግማሽ ጉልበቱን ያጣል፣ አስማተኛው ግን ሁሉንም ስፔል በአንዴ ያወርዳል፣ ከመጀመራችሁ በፊት ይሄን ከዲኤሙ ጋር ተነጋገሩበት።

ከውጊያ ውጪ ያለው ነገር አሁንም ቀጭን ነው። ታክቲካል ማይንድ የሚባል ነገር ሌቭል 2 ላይ ጨምረዋል፣ የወደቀ ቼክ (የችሎታ ሙከራ) ላይ ሴከንድ ዊንድ (ራሳችሁን የምታክሙበትን ችሎታ) ከፍላችሁ ባለ 10 ጎን ዳይስ ትጨምራላችሁ፣ ዳይሱ ካላዳናችሁ ሴከንድ ዊንዱ አይቆጠርባችሁም፣ በጣም ቆንጆ ሐሳብ ነው፣ በር ሲሰብሩም ዘበኛ ሲያግባቡም ይሠራል። ግን ያው ጥቅሙ የመጣው ከሕክምናችሁ ላይ ተቀንሶ ነው፣ ለፋይተር የራሱ የሆነ፣ ከሰይፍ ውጪ የሚኮራበት ነገር ቢጨምሩለት ምን ነበረበት እላለሁ።

እኔ ከ5 ኮከብ 4 ነው የምሰጠው፣ የቀነስኩት አንድ ኮከብ ግማሹ ለዛ የቁጥር ድልድል ግማሹ ከውጊያ ውጪ ላለው ክፍተት ነው። መጽሐፉን ከመግዛታችሁ በፊት መሞከር ከፈለጋችሁ በ2025 የወጣው ነፃ የሕግ ሰነድ፣ ኤስአርዲ 5.2 የሚባለው፣ ሙሉ ፋይተርን ከቻምፒዮንና ከዌፐን ማስተሪ ጋር ይዟል። ፋርመርና ባትል ማስተር እዛ ውስጥ ስለሌሉ በሶልጀር ጀምሩና ዊዝደሙን ከፍ አድርጋችሁ እስከ ሌቭል 5 ተጫወቱት፣ መሣሪያ መቀያየሩ ከተመቻችሁ ያኔ መጽሐፉን ግዙ።