የጥይት ቀለህ ማጽጃ እንድመርጥ ለረዱኝ የሱቅ ሠራተኛ የቀረበ ምስጋና

ይህን ጽሑፍ የማቀርበው በኮሎራዶ፣ በተለይም በአውሮራና በዴንቨር አካባቢ ለምትኖሩና ለዒላማ ተኩስ ወይም ለአደን የምትጠቀሙበትን ጥይት በቤታችሁ መልሳችሁ ለምትሞሉ ወገኖቼ ነው። ዓላማዬም የመልሶ መሙያ ዕቃዎች በሚሸጡበት አንድ ሱቅ ውስጥ ለሚሠሩ አዛውንት ምስጋናዬን በአደባባይ ማቅረብና እናንተም ከእርሳቸው ጋር እንድትመካከሩ መጠቆም ነው። ስማቸው በጽሑፍ እንዲወጣ ስላልፈለጉ አልጠቅሰውም፤ ሱቁን ማወቅ የሚሻ ግን በውስጥ መስመር ቢጠይቀኝ በደስታ እነግረዋለሁ።

ወደ ሱቁ ስገባ ያሰብኩት በውሃና በማይዝግ ብረት መርፌዎች ቀለሁን አዲስ እስኪመስል የሚያጥበውን ትልቁን ማሽን ገዝቼ ለመውጣት ነበር። እርሳቸው ግን ወደ መደርደሪያው ከመሄዳቸው በፊት የምተኩሰው በየትኛው የጥይት መለኪያ (ካሊበር) እንደሆነ፣ ቀለሁን ራሴ ተኩሼ የማነሳው ይሁን ከተኩስ ሜዳ የሚለቀም፣ በአንድ ጊዜ ምን ያህል እንደማጸዳ፣ ሥራውን የምሠራበት ቦታ ከመኖሪያ ክፍሉ የተለየ መሆኑንና በቤቱ ውስጥ ሕፃናት መኖራቸውን ጠየቁኝ። በመጨረሻም «የምትፈልገው እንዲጸዳ ነው ወይስ እንዲያበራ?» አሉኝ። ቀለህ የሚጸዳበት ዋናው ምክንያት ላዩ ላይ የቀረው አሸዋና ጥላሸት ቀለሁን ወደ ልኩ የሚመልሰውን ዳይ እንዳይቧጭርና ስንጥቅ ካለ ሳይሸፈን እንዲታይ መሆኑን፣ የወየበ መልኩ ግን ለተኩሱ ምንም እንደማያጎድል ካስረዱኝ በኋላ፣ የማሽኑ ጉዳይ ከማጽጃው፣ ማለትም ከቀለሁ ጋር ወደ ማሽኑ ከሚገባው ነገር፣ ምርጫ በኋላ የሚመጣ እንደሆነ ተረዳሁ።

ያለ ውሃ ለሚደረገው ደረቅ አጸዳድ በሚንቀጠቀጠው ማሽን ውስጥ የሚጨመሩት ሁለቱ የተለመዱ ማጽጃዎች የተፈጨ የዋልነት ቅርፊትና የተፈጨ የበቆሎ ቆረቆንዳ ናቸው። ዋልነቱ ጠንካራና ጠርዘ ስለታም ስለሆነ መሬት ላይ ከርሞ የጠቆረውን ቀለህ ቶሎ ይፍቃል፤ የሚተወው መልክ ግን ደብዘዝ ያለ ነው። ቆረቆንዳው ለስላሳና ቅባት መጣጭ በመሆኑ ዝግ ብሎ ይሠራል፣ ግን ይወለውላል፤ ቀለሁ በዳይ ከተስተካከለ በኋላ የሚቀርበትን ቅባት ለማንሳትም የተሻለው እርሱ ነው። ስለዚህ ከሜዳ ለሚለቀም ቀለህ መጀመሪያ ዋልነት ቀጥሎ ቆረቆንዳ፣ ራሴ ተኩሼ ወዲያው ለማነሳው ደግሞ ቆረቆንዳ ብቻ እንደሚበቃኝ መከሩኝ።

ከዚህ ይበልጥ የጠቀመኝ ስለ ቅንጣቱ መጠን የነገሩኝ ነው። በከረጢቱ ላይ 12/20 ወይም 20/40 ተብሎ የሚጻፈው የወንፊት ቁጥር ሲሆን፣ ቅንጣቱ በመጀመሪያው ወንፊት አልፎ በሁለተኛው ላይ የሚቀር መሆኑን ያመለክታል፤ ቁጥሩ በጨመረ መጠን ቅንጣቱ ይደቅቃል። የ12/20 ቅንጣት እስከ 1.7 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሚደርስ፣ የፕራይመሩ (በቀለሁ ግርጌ ያለችው ማቀጣጠያ) እሳት ወደ ባሩዱ በሚያልፍበትና ብዙውን ጊዜ ወደ 2 ሚሊ ሜትር በሚጠጋው ቀዳዳ ውስጥ ተሸጉጦ ሊቀር ይችላል። የ20/40 ቅንጣት ግን ከ0.84 ሚሊ ሜትር ስለማይበልጥ በቀላሉ ይረግፋል። አዛውንቱ ሁለቱንም በመዳፋቸው ላይ አፍስሰው ከአንድ ባዶ ቀለህ ቀዳዳ ጋር እያስተያዩ አሳዩኝ፤ በከረጢት ላይ ከሚነበብ ማብራሪያ ሁሉ ይህ ይሻላል። ቀይ የብረት ኦክሳይድ ዱቄት የተቀላቀለበትን ዋልነት በተመለከተም፣ ጥሩ ቢያጸዳም በቀለሁ ውስጥና በእጅ ላይ ቀይ ብናኝ እንደሚተው አስጠንቅቀው፣ ተራውን ገዝቼ አሞኒያ የሌለበት ጥቂት የመኪና ፖሊሽ እንድጨምርበትና ቀለሁ ከመግባቱ በፊት ማሽኑን ለብቻው በማስነሳት እንዳይጓጉል እንዳደርግ ነገሩኝ።

ስለ አሞኒያ የሰጡኝን ማስጠንቀቂያ በተለይ ላሰምርበት እወዳለሁ፤ ምክንያቱም ለቤት ዕቃ የምንጠቀምባቸው አንዳንድ የናስ መወልወያዎች አሞኒያ አላቸው። የቀለህ ናስ 70 በመቶ ገደማ መዳብና 30 በመቶ ገደማ ዚንክ ሲሆን፣ ተስቦ በሚሠራበት ጊዜ በውስጡ ውጥረት ይቀራል፤ ውጥረት ያለበት ናስ አሞኒያ ሲያገኘው ደግሞ ይሰነጠቃል። በቅኝ ግዛት ዘመን በሕንድ የነበረው የእንግሊዝ ጦር በዝናቡ ወራት በፈረስ ጋጣ ያከማቸው ጥይት ቀለሁ እየተሰነጠቀ ያስቸግር የነበረው በዚሁ ምክንያት ሲሆን፣ ከፈረሶቹ ሽንት የሚወጣው አሞኒያ መንስኤው መሆኑ የተብራራው በ1921 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። በሀገር ቤት ቀለህ አቅልጠው መስቀልና የአንገት ጌጥ ለሚሠሩ ባለሙያዎች ዋናው የናሱ ውበት ነው፤ ከፊታችን ለሚተኮስ ቀለህ ግን ከውበቱ ጥንካሬው ይቀድማል።

ከአዛውንቱ ጋር ትንሽ የተለያየነው በእርሳስ ብናኝ ጉዳይ ነው። በተለመደው ፕራይመር ውስጥ የእርሳስ ውሕድ ስላለ፣ ከተኩስ በኋላ በቀለሁ ውስጥ የሚቀረው ጥላሸት ወደ ማጽጃው ይገባል፤ ማጽጃው ከቀለሁ ሲለይም አቧራው ይነሳል። እርሳቸው ማሽኑ ከቤት ውጭ ከተቀመጠ፣ ክዳኑ ከተዘጋ፣ ለልብስ ማድረቂያ ከሚጨመረው ስስ ጨርቅ ቁራጭ አቧራውን እንዲይዝ ከገባበትና ማጽጃው ሲጠቁር ከተለወጠ ደረቁ አጸዳድ ይበቃል ብለው ያምናሉ፤ ለብዙ ዘመን የሠሩትም እንዲሁ ነው። እኔ ግን ጋራዡ ከመኖሪያ ቤቱ ጋር የተያያዘ፣ ልጆቼም ገና ትንንሾች ስለሆኑ፣ ለሕፃናት ደም ጉዳት የለውም የሚባል የእርሳስ መጠን አለመታወቁንም ስለማውቅ፣ አቧራ የማያስነሳውን የውሃ አጸዳድ መረጥሁ። ምርጫዬን ሲሰሙ አልተከራከሩኝም፤ ይልቁንም ትልቁን ማሽን አስቀርተው ለመጠኔ የሚበቃኝን አነስተኛውን አመጡልኝ፤ ለኪሴ ማሰባቸውን የተረዳሁት ያኔ ነው።

በውሃ ለሚታጠበው ቀለህ የሚያገለግሉት ከአንድ ሚሊ ሜትር ጥቂት የሚወፍሩና ከስድስት ሚሊ ሜትር ጥቂት የሚረዝሙ የማይዝግ ብረት መርፌዎች ናቸው። እነዚህ አያልቁም፤ የፕራይመሩን ጎድጓዳ ጭምር ያጸዳሉ፤ ለዚህ ግን ያገለገለው ፕራይመር አስቀድሞ መውጣት አለበት። ከመርፌዎቹ ጋር ውሃ፣ ጥቂት የሳህን ሳሙናና ሩብ የሻይ ማንኪያ ያህል የሲትሪክ አሲድ ዱቄት ይጨመራል። አሲዱ ከበዛ ከናሱ ገጽ ላይ ዚንክ ስለሚያነሳ ቀለሁ ሐምራዊ ቀይ ይመስላል። ጊዜውም ከመጠን በላይ ከረዘመ የቀለሆቹ አፍ እርስ በርስ እየተጋጨ ይደንዛል። አዛውንቱ አጥብቀው ያሳሰቡኝ፣ ሁለት መርፌዎች አፉ በጠበበ የ.223 (የጠመንጃ ጥይት መለኪያ) ቀለህ ውስጥ ተጣብቀው ሊቀሩ ስለሚችሉ እያንዳንዱን ቀለህ በብርሃን አይቼ እንዳረጋግጥ፣ እንዲሁም 9 ሚሊ ሜትሩ በ.45ቱ ውስጥ ስለሚሰካ በየመለኪያቸው ለያይቼ እንዳጥብ ነው። ማድረቂያውም ከ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች የሆነ ለስላሳ ሙቀት እንዲሆን፣ ምግብ በሚበስልበት ምድጃ ግን በፍጹም እንዳላደርቅ ነገሩኝ። የታጠበበት ውሃም እርሳስ ስላለበት ጓንት አድርጌ ነው የምደፋው።

ለደረቁ አጸዳድ የሚሆነውን የዋልነት ቅርፊት ለተሳቢ እንስሳት መኝታ ተብሎ ከሚሸጥበት የእንስሳት ዕቃ ሱቅ ብገዛው እንደሚረክስ የነገሩኝም እኚሁ ሰው ናቸው፤ በገዛ ሱቃቸው ቆመው እንዲህ ያለ ምክር የሚሰጡ ሠራተኞች ብዙ አይደሉም። በዋልነት አለርጂ ያለበት ሰው ግን ቆረቆንዳውን ብቻ እንዲይዝ ያክላሉ።

አንድ ነገር ልጠቁም፤ አዛውንቱ ዝግ ብለው የሚያስረዱ በመሆናቸውና በሳምንቱ መጨረሻ ሱቁ ስለሚጨናነቅ፣ ተረጋግቶ ለመጠየቅ የሚሻ ሰው በሥራ ቀን ረፋድ ላይ ቢሄድ ይሻለዋል። ስትሄዱም ከቆሸሸው ቀለሃችሁ ጥቂት ይዛችሁ ሂዱ፤ ሳያዩት አይመክሩም።