ቲቲኤስ ወይስ ኢአር32? ለትንሽ ሚሊንግ ማሽን

ስፒንድሉ (መቁረጫውን የሚያሽከረክረው ዘንግ) አር8 የሚባለው የመያዣ ቀዳዳ ዓይነት ያለው ትንሽ ሚሊንግ ማሽን፣ ማለትም በሚሽከረከር መቁረጫ ብረት የሚቀርጽ ማሽን፣ ካላችሁ መቁረጫ ለመቀየር ሁለት የተለመዱ መንገዶች አሉ።

ኢአር32 ኮሌት መያዣ (ኮሌት ሲጠብቅ መቁረጫውን ዙሪያውን የሚጨብጥ የተሰነጠቀ ቀለበት ነው) ስፒንድሉ ላይ አንዴ ታስሮ እዚያው ይቀራል። እጀታው እስከ 20 ሚሊሜትር የሚወፍር መቁረጫ ይይዛል፤ ወጪውም ቀለል ይላል። ግን መቁረጫ በተቀየረ ቁጥር በሁለት መፍቻ መታገል ነው። የመቁረጫው ጫፍ ከፍታም ስለሚለወጥ እንደገና መለካት ይመጣል። አሰልቺው እሱ ነው።

ቶርማክ የተባለው ማሽን አምራች የሠራው የመያዣ ሥርዓት፣ ቲቲኤስ፣ ከዚህ ይገላግላል። እያንዳንዱ መያዣ በኮሌት የሚጨበጥ ቀጥ ያለ የ3/4 ኢንች እጀታ አለው። ትከሻው ከስፒንድሉ ፊት ጋር ገጥሞ ስለሚቆም፣ መቁረጫው ከመያዣው እስካልወጣ ድረስ ርዝመቱ ያው ነው። አንዴ ለክቶ ሲኤንሲው (ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው ኮምፒውተር) ላይ መመዝገብ፣ በቃ። ከዚያ በኋላ የላዩን ብሎን ላላ አድርጎ አንዱን ማውጣት፣ ሌላውን መክተት። ችግሩ፣ የሚይዘው በሰበቃ ብቻ ነው። እጀታው ዘይት ከነካው ወይም ብረት በጥልቀት ከተቆረጠ ሾልኮ ሊወርድ ይችላል። ለየመቁረጫው መያዣ መግዛቱም ኪስ ይጎዳል።

በእጅ ለሚዘወር ማሽን ኢአር32 ይበቃኛል። ሲኤንሲ ከሆነ ግን፣ በአንድ ሥራ አራት አምስት መቁረጫ ስለሚቀያየር፣ ያለ ቲቲኤስ አልሞክረውም።