መርፌ ከማንሳቷ በፊት ለጠየቀችኝ የላቦራቶሪ ባለሙያ ምስጋና

ሃምሳን የተሻገራችሁ ወንዶች፣ ይቺን ሳታነቡ አትለፉ። የፒኤስኤ ምርመራ (ፕሮስቴት የሚባለውን የወንዶች ዕጢ በደም የሚያይ) ያሰበ ካለ አንዲት ባለሙያ ልጠቁመው ነው።

መጀመሪያ ሌላ ቦታ ነበር የተመረመርኩት። ደም ወሰዱ፣ ወረቀት ሰጡኝ፣ አለቀ። 6.8 ናኖግራም በሚሊ ሊትር ይላል፤ ጎኑ ላይ ወደ ላይ የሚያሳይ ቀስት አለ። ከ4 በላይ ያጠራጥራል የሚለውን እንደማንኛውም ሰው ስልኬ ላይ አነበብኩ። እንቅልፌ በዚያው ጠፋ።

ሐኪሜ "ይደገም" ሲለኝ እሷ ጋ ሄድኩ። ክንዴን ከማሰሯ በፊት ወንበር ስባ ተቀመጠች። ሽንት ያቃጥልዎታል? ሰሞኑን ካቴተር፣ የሽንት ቱቦ ማለቴ ነው፣ ገብቶልዎት ነበር? ብስክሌት ይነዳሉ? ባለፉት ሁለት ቀናት የዘር ፈሳሽ ወጥቷል? የመጨረሻዋን ስሜን በጠየቀችበት ድምፅ ነው የጠየቀችኝ። እኔን ላብ አጠመቀኝ፤ እሷ ቅንድቧም አልተነቃነቀ።

ማቃጠሉን ስነግራት መርፌውን አስቀመጠችው። "ዛሬ ብወስድ ቁጥሩ ያታልለናል፤ መጀመሪያ ለሐኪምዎ ይንገሩ" አለችኝ። ፒኤስኤ ፕሮስቴት ራሱ የሚያመርተው ፕሮቲን ነው። አብዛኛው ከዘር ፈሳሽ ጋር ይወጣል፣ ጥቂቱ ወደ ደም ያልፋል። ዕጢው ሲቆጣ ወይም በዕድሜ ሲያድግ ወደ ደም የሚያልፈው ይበዛል። ካንሰርም ከፍ ያደርገዋል፤ የትኛው እንደሆነ ግን ቁጥሩ ብቻውን አይናገርም። ፊናስቴራይድ የሚባለውን ላደገ ፕሮስቴት የሚሰጥ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው። መድኃኒቱ በወራት ውስጥ ቁጥሩን ወደ ግማሽ ስለሚያወርደው፣ ሐኪሙ ካላወቀ ከፍ ያለው ደህና ይመስላል። ወንድሜ ስንት ጊዜ ሲውጠው ኖሯል፣ ሲመረመር ግን አንድም ሰው ጠይቆት አያውቅም!

ማቃጠሉን ያመጣው ኢንፌክሽን ታከመ። ከሳምንታት በኋላ ተመልሼ ስመረመር 2.9 ሆነ። እኔ ፈንጠዝያ ላይ ነኝ፣ እሷ ግን "ትርጉሙን ሐኪምዎ ይንገርዎት። የሚቀጥለውንም እዚሁ ይመርመሩ፤ መሣሪያ ሲለያይ ቁጥሩም ይለያያል" ብላ ሸኘችኝ። ለኔ ትልቁ ነገር ይሄ ነው። ድንበሯን ታውቃለች፣ በድንበሯ ውስጥ ያለውን ደግሞ አንድም አታስቀርም። እጇም ቀላል ነው፣ መርፌው መግባቱን አላወቅኩም። እግዜር ይስጥልኝ!

ስሟ በአደባባይ እንዲጻፍ ስላልፈለገች፣ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ጠዋት ጠዋት ሰልፍ አለው፣ ታገሱ። የምትወስዱትን መድኃኒት ስምም ይዛችሁ ሂዱ፤ መጠየቃችሁ አይቀርም።