ቱብለስ ጎማ በቦይ ዳር ኮረኮንች ከወራት በኋላ፦ እሾሁን የሚመልሰው ፈሳሹ ነው

መኪና በማይገባባቸው የቦይና የባሕር ዳር ኮረኮንች መንገዶች ለወራት የነዳሁበት 45 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ቱብለስ ጎማ ዛሬም ከብስክሌቴ አልወረደም፤ እንዲወርድም አልፈልግም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ወቀሳዬ በጎማው ላይ እንዳይመስል ነው። የምወቅሰው «አንዴ አስገጥመው፣ ከዚያ እርሳው» እየተባለ የሚሸጥበትን አነጋገር ነው። ይህ ጎማ የሚረሳ ዕቃ አይደለም።

ከመነዳሪ የለውም። አየሩን የሚይዙት ቸርኬው ላይ የተለጠፈው ፕላስተር፣ ቫልቩ፣ ቸርኬውን የሚነክሰው የጎማው ጠርዝና ውስጡ ያለው የላቴክስ ማሸጊያ ፈሳሽ ናቸው። እሾህ ሲወጋው አየሩ ለማምለጥ ሲሮጥ ፈሳሹን ይዞ ወደ ቀዳዳው ይሄዳል፤ ላቴክሱ እዚያው ረግቶ ይደፍነዋል። ፈሳሹ እርጥብ እስከሆነ ድረስ ነጂው የሚያየው ጎማው ላይ የቀረች ትንሽ ነጭ ነጠብጣብ ብቻ ነው፤ ብዙ ጊዜ እሷንም አያያትም።

ችግሩ ፈሳሹ በጸጥታ መድረቁ ነው። እርጥበቱ በቀጭኑ የጎማ ጎን በኩል ቀስ እያለ ይወጣል፤ ሙቀት ደግሞ ያፋጥነዋል። እንደ ፈሳሹ ዓይነትና እንደ አየሩ ከ2 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ ውስጥ የሚቀረው የላቴክስ ሽፋንና አንድ ሁለት የረጋ ጓል ነው። ጎማው ግን አይተነፍስም፤ አዲስ ቀዳዳ እስካልመጣ አየሩ የሚወጣበት የለምና። በአውራ ጣት ሲጫኑት የደረቀውም እርጥቡም እኩል ጠንካራ ነው። ያለ ምንም መከላከያ እየተነዳ መሆኑን የሚያሳይ አንዳች ምልክት የለም።

አሁን ይህን ከቦይ ዳር መንገድ ጋር አያይዙት። በእንግሊዝ አገር ብዙው የቦይ ዳር መንገድ በአንድ ወገን ውሃ፣ በሌላው ወገን የእርሻ አጥር ነው። አጥሩ በአብዛኛው ሆውቶርንና ብላክቶርን የሚባሉ እሾሃማ ቁጥቋጦዎች ናቸው። የወፎች መፈልፈያ ወቅት ስለሆነ አርሶ አደሮች ከማርች 1 እስከ ኦገስት 31 አጥር እንዳይቆርጡ ሕግ ይከለክላቸዋል፤ በአየርላንድም ክልከላው የሚያርፈው በእነዚሁ ወራት ነው። ስለዚህ የመቁረጫ ማሽኖቹ የሚወጡት ከሴፕቴምበር ጀምሮ ነው። የተከተፈው ቅርንጫፍ መንገዱ ላይ ይበተናል፤ መንገዱ ጠባብ ስለሆነ የሚሸሹበት ቦታ የለም። በጸደይ የተሞላ ፈሳሽ በበጋው ሙቀት ተመጥጦ የሚያልቀውም ልክ በዚያን ጊዜ ነው። እሾሁ የሚበዛበት ሳምንትና ጎማው መከላከያ ያጣበት ሳምንት አንድ ላይ ይገናኛሉ። ሻጮች ስለ ጥርሱ ቅርጽና ስለ ክብደቱ ብዙ ይናገራሉ፤ ይህን የቀን መቁጠሪያ ግን አንዳቸውም ሲያነሱት አልሰማሁም። እጅግ የሚያናድደኝም ይኸው ነው።

«ጎማው ወፍራም ነው፣ እሾህ አያልፈውም» የሚለኝ ሻጭ የብላክቶርንን እሾህ አያውቅም ማለት ነው። ርዝመቱ በሴንቲ ሜትር የሚለካ፣ እንደ መርፌ የጠነከረ ነገር ነው፤ በሁለትና ሦስት ሚሊ ሜትር ጎማ ይቆማል ብሎ መጠበቅ ከንቱ ነው። «እንግዲያው ከመነዳሪ ያለውን ግዛ» ለሚለኝም መልስ አለኝ። ከመነዳሪ ባለው ጎማ እያንዳንዱ እሾህ መቆምና መለጠፍ ነው። በዚያ ላይ ኮረኮንች ምቹ የሚሆነው አየሩ ሲቀነስ ነው፤ አየር ሲቀነስ ደግሞ ከመነዳሪው በድንጋይና በቸርኬው መካከል ተቆንጥጦ በሁለት ቦታ ይቀደዳል። ስለዚህ ግዢውን አልጸጸትበትም። የጎደለው ፈሳሹ እንደሚያልቅ የሚናገር ሰው ነው።

ምርመራው አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ጎማውን አውርደው ወደ ጎን ያወዛውዙና ጆሮዎን ያስጠጉ፤ የፈሳሽ ድምፅ ካልሰሙ ደርቋል። ይበልጥ እርግጠኛ ለመሆን ቫልቩን ወደ ታችኛው ክፍል ያምጡት፣ አየሩን ሙሉ በሙሉ ያውጡ፣ የቫልቩን ውስጠኛ መርፌ ፈትተው ቀጭን የፕላስቲክ ማሰሪያ ያስገቡ። ጫፉ ላይ እርጥበት ካልታየ ፈሳሽ ይጨምሩ። ለ45 ሚሊ ሜትር ጎማ መጀመሪያ ሲገጠም ከ80 እስከ 90 ሚሊ ሊትር፣ ለጭማሪ ከ30 እስከ 40 ሚሊ ሊትር በሲሪንጅ በቫልቩ በኩል ማስገባት ይበቃል። ጠርሙሱን ደጋግመው ይናጡት፤ ቀዳዳ የሚደፍኑት ቅንጣቶች ታች ይዘቅጣሉ። የመጨረሻው ጭማሪ ከኦገስት ሦስተኛ ሳምንት አይለፍ። መርፌው ላይ ላቴክስ ረግቶ አየር እምቢ ካለ በመርፌው አይታገሉ፤ በአዲስ ይለውጡት። በካርቦን ዳይኦክሳይድ ካርትሪጅ (የታመቀ ጋዝ በያዘች ትንሽ ጣሳ) መንፋት አንዳንዱን ፈሳሽ ስለሚያረጋው ለጭንቅ ጊዜ ብቻ ይሁን።

ጎማው ላይ የተሰካ እሾህ ካዩና አየር ካልወጣ እዚያው መንገድ ላይ አይንቀሉት፤ እሾሁ ራሱ ቀዳዳውን ይዞታል። ቤት ሲደርሱ ፈሳሹ እርጥብ መሆኑን አረጋግጠው በፒንሳ ይንቀሉትና ቀዳዳውን ወደ ታች አዙረው ይጠብቁ። ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ ለሆነ ቀዳዳ መወተፊያ የጎማ ክር ጫፉ እንደ ሹካ በተሰነጠቀው ማስገቢያ መሣሪያ ያስገቡ፤ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ውጭ ይቅር።

ክሩም ካልያዘ የመጨረሻው አማራጭ ከመነዳሪ ማስገባት ነው። ብዙ ሰው በእግሩ ገፍቶ የሚመለሰው እዚህ ላይ ነው። ለወራት የተደፈኑት እሾሆች ጫፋቸው ተሰብሮ ውስጥ ቀርቷል፤ አዲሱን ከመነዳሪ ወዲያው ይወጉታል። ስለዚህ ከማስገባትዎ በፊት ወፍራም ጨርቅ በጎማው ውስጥ ዙሪያውን ያስኪዱ። ጨርቁ በያዘበት ቦታ ሁሉ እሾህ አለ፤ አንድ በአንድ ይንቀሉ። በባዶ ጣት አይዳስሱ፤ የብላክቶርን ስባሪ ሥጋ ውስጥ ከቀረ ክፉኛ ያሳብጣል።

ስለ ቀሪው ነገር ብዙ የምለው የለም። ከቱሉዝ እስከ ቶ ሐይቅ ድረስ 240 ኪሎ ሜትር በሚዘልቀው በፈረንሳዩ ካናል ዱ ሚዲ ዳርቻ ትልልቅ የፕላታን ዛፎች ሥሮቻቸውን መንገዱ ላይ አውጥተዋል፤ 75 ኪሎ ግራም ለሚመዝን ሰው ፊት 2.0፣ ኋላ 2.2 ባር የአየር ግፊት ንዝረቱን በደንብ ይውጠዋል። ለስላሳ የባሕር ዳር አሸዋ ላይ 1.5 ባር፤ ጠንካራ መሬት ሲመጣ ግን መልሰው ይንፉ፣ አለዚያ ቸርኬው ከድንጋይ ጋር ይጋጫል። ጨው ጎማውን አይነካውም፤ የራጂ ብሎኖቹንና የቫልቩን ማሰሪያ ግን ይበላል፤ በንጹሕ ውሃ፣ ግፊት በሌለው፣ በዚያው ቀን ይጠቡ። 297 ኪሎ ሜትር ርዝመት ባለው በአሜሪካው የቼሳፒክና ኦሃዮ ቦይ ዓይነት ሸክላማ አፈር ላይ ከዝናብ በኋላ የሚፈታተነው የጎማውና የፍሬሙ ክፍተት ነው፤ በየወገኑ 6 ሚሊ ሜትር ከሌለ ጭቃው ቀለሙን ይፍቃል፣ ጎማውንም ያስቆመዋል።

ብስክሌቱ ወራት ሙሉ ተሰቅሎ የሚውልበት ሰው ይህን ጎማ አይግዛ፤ ፈሳሹ ቆሞም ይደርቃል፤ ከመነዳሪ ይሻለዋል። በየሳምንቱ ለሚነዳ፣ ሲሪንጅና ጠርሙስ ከመንፊያው አጠገብ ለሚያስቀምጥ ግን ለአጥር ዳር መንገድ ከዚህ የተሻለ አላውቅም። ሻጭ ሆይ፣ ጎማውን ስትሸጥ ፈሳሹ የሚጨመርበትን ወር በወረቀት ጽፈህ አብረህ ስጥ።