«ሙሉ በሙሉ እንጨት ነው» ተብሎ የተሸጠልን ጊታር፦ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አንብቡ

አኩስቲክ ጊታር ለመግዛት የምታስቡ፣ በተለይም በመጠነኛ ገንዘብ ጥሩ መሣሪያ ለማግኘት የምትፈልጉ ሁሉ፣ ይህን ጽሑፍ ጊዜ ወስዳችሁ እንድታነቡልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። የምጽፈው ርካሽ ጊታር አትግዙ ለማለት አይደለም። በአሁኑ ጊዜ ዋጋቸው ከአቅም በላይ ሳይሆን ድምፃቸውም አሠራራቸውም የሚያስመሰግን ጊታሮች በብዛት ይመረታሉ፤ ከእነዚህም አንዱን በቤቴ ውስጥ ዘወትር እሰማዋለሁ። የምጽፈው በእነዚህ መልካም መሣሪያዎች መካከል ተሰግስጎ፣ እነሱን በሚገልጹት ቃላት ስለሚሸጥ ሌላ ዕቃ ለማስጠንቀቅ ነው።

ታናሽ እህቴ ጊታር መማር ስትጀምር የመጀመሪያውን መሣሪያ የገዛሁላት እኔ ነበርሁ። ማስታወቂያው የፊት ገጹ «ከተመረጠ ስፕሩስ»፣ ማለትም ለጊታር ፊት ከሚመረጥ የጥድ ዘመድ እንጨት፣ የተሠራ መሆኑን ይናገራል፤ ከጊታሩ ጋር ቦርሳ፣ ማንገቻ፣ ትርፍ ክር፣ ፒክና የመቃኛ መሣሪያ በአንድነት ይሰጣል። ስለ ጊታር እንጨት ጥቂት አንብቤ ስለነበር ሻጩን «ወጥ እንጨት ነው ወይ?» ብዬ ጠየቅሁት። «አዎ፣ ሙሉ በሙሉ እንጨት ነው» አለኝ። መልሱ ጥያቄዬን የመለሰ መስሎኝ ከፈልሁ። ስስ የእንጨት ልጦች በሙጫ ተደራርበው የሚሠሩት ፕላይውድም «ሙሉ በሙሉ እንጨት» መሆኑን ያን ጊዜ ልብ አላልሁም። ወጥ እንጨት ማለት ከግንዱ እንደተሰነጠቀ በአንድ ውፍረት የቆየ ሳንቃ ነው፤ እኔ የጠየቅሁት ይህን ነበር፣ የተመለሰልኝ ግን ሌላ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ችግር የጀማሪ ችግር ይመስል ነበር። ጣቷ ቆሰለ፤ ማንም ጀማሪ ጣቱ ይቆስላልና አልገረመንም። ነገር ግን ሳምንቱ ወር፣ ወሩ ሁለት ወር ሲሆን ከአምስተኛው ፍሬት፣ በአንገቱ ላይ አግድም ከተተከሉት ቀጫጭን ብረቶች ከአምስተኛው ማለት ነው፣ በላይ ክሮቹን መጫን አልቻለችም፤ ባሬ ኮርድ፣ ማለትም በአንድ ጣት ብዙ ክሮችን ባንድነት ተጭኖ የሚያዝ የድምፆች ጥምረት፣ ለመያዝ ስትሞክር እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር። ከሁሉም የከፋው ደግሞ ክሮቹን በመሣሪያ በትክክል ቃኝታ፣ ሳትጫናቸው ስትመታቸው የተስተካከሉ ሆነው፣ ኮርድ በያዘች ቁጥር ድምፁ የሚጎረብጥ መሆኑ ነው። በሦስተኛው ወር ጊታሩን ቦርሳው ውስጥ ከትታ ዚፑን ዘጋችና «ጆሮም ጣትም አልተሰጠኝም መሰለኝ» አለችኝ። እኔን ዛሬም ድረስ የሚቆጨኝ የወጣው ገንዘብ ሳይሆን ይህ ንግግሯ ነው። ጥፋቱ የመሣሪያው ሆኖ ሳለ ራሷን ጥፋተኛ አድርጋለች፤ ስንት ጀማሪ በዚህ መንገድ ተስፋ ቆርጦ እንደተወው ሳስብ ዝም ማለት አልሆንልኝም።

ጊታሩን በዕድሜ ጠና ወዳሉ የጥገና ባለሙያ ዘንድ ወሰድሁት። እሳቸው አንድም ክር ሳይመቱ ረጅም ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ አወጡና በክሮቹ መካከል በአንገቱ ፍሬቶች ላይ አጋደሙት፤ ከዚያም ጫፉን ክሮቹ ወደሚታሰሩበት እንጨት፣ ብሪጅ ወደሚባለው ገፉት። በደንብ በተሠራ ጊታር ማስመሪያው ሄዶ በብሪጁ እንጨት አናት ላይ ያርፋል፣ ወይም ለጥቂት ይነካዋል። በእኛ ጊታር ግን የማስመሪያው ጫፍ የብሪጁን ግንባር መታ፤ ከአናቱ ሦስት ሚሊ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ቆመ። ባለሙያው ማስመሪያውን እንደያዙ ጎንበስ ብዬ እንድመለከት ጠሩኝና «ልጄ፣ አንገቱ ሲጋጠም ጀምሮ ወደ ፊት አዘንብሏል፤ ይህ በመቃኘት የሚስተካከል አይደለም» አሉኝ።

በአሥራ ሁለተኛው ፍሬት ላይ የወፍራሙን ክር ከፍታ ሲለኩት አራት ሚሊ ሜትር ተኩል ሆነ። የብረት ክር ባለው አኩስቲክ ጊታር በዚህ ቦታ ወፍራሙ ክር ከፍሬቱ አናት 2.5 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ቀጭኑ ደግሞ ወደ 2 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ ጥቂት ዝቅ ብሎ ቢሆን ለአብዛኛው ተጫዋች ይስማማል። ክሮቹ ከፍ ሲሉ ችግሩ የጣት ሕመም ብቻ አይደለም። ክሩ ወደ ፍሬቱ ለመድረስ ብዙ ርቀት ስለሚሄድ ሲጫኑት ይበልጥ ይወጠራል፤ ሲወጠር ድምፁ ከሚገባው በላይ ይቀጥናል። እህቴ የሰማችው የሚጎረብጥ ድምፅ ምንጩ ይህ ነበር፤ ጆሮዋስ በትክክል ሰምቷል።

ክሮቹን ዝቅ ለማድረግ የተለመደው መንገድ ብሪጁ ላይ ክሮቹ የሚያርፉበትን ሳድል የተባለውን ቀጭን አጥንት ወይም ፕላስቲክ ከሥሩ መሞረድ ነው። የእኛ ሳድል ግን ከመጀመሪያውም ተሞርዶ ከብሪጁ በላይ የሚታየው እጅግ ጥቂት ነበር፤ ጉድለቱ ለመሸፈን ተሞክሮበታል ማለት ነው። ሻጮች ብዙ ጊዜ «በአንገቱ ውስጥ ትረስ ሮድ ስላለ ይስተካከላል» ይላሉ። ይህ ገዢዎችን ከሚያታልሉ ንግግሮች ዋነኛው ስለሆነ በደንብ ልብ በሉት፤ ትረስ ሮድ በአንገቱ ውስጥ ያለ የብረት ዘንግ ሲሆን ሥራው የአንገቱን ጉብጠት ማስተካከል ብቻ ነው። አንገቱ ከአካሉ ጋር የተጋጠመበትን ማዕዘን አይለውጥም። ያንን ለማረም አንገቱን ነቅሎ እንደገና መግጠም ያስፈልጋል፤ ባለሙያው የነገሩኝ የዚያ ሥራ ዋጋ ከጊታሩ ዋጋ ይበልጥ ነበር።

የእንጨቱ ነገር የተገለጠው ከዚያ በኋላ ነው። ባለሙያው ትንሽ መብራት ወደ ድምፅ ቀዳዳው አስጠግተው የቀዳዳውን ጠርዝ አሳዩኝ። ጠርዙ በጥቁር ቀለም ተቀብቶ ነበር፤ ቀለሙን በጥፍራቸው ትንሽ ሲፍቁት እንደ መጽሐፍ ገጾች የተደራረቡ ሦስት ስስ ንጣፎች ታዩ። ወጥ እንጨት ቢሆን ኖሮ በፊት ገጹ ላይ የሚታዩት የእንጨቱ መስመሮች ሳይቋረጡ በጠርዙ ውፍረት ላይ ወርደው ይታዩ ነበር። ጠርዙ በቀለም ወይም በፕላስቲክ ቀለበት ከተሸፈነ፣ ትንሽ መስታወት በቀዳዳው አስገብታችሁ የፊቱን እንጨት ከውስጥ በኩል ተመልከቱ፤ በውጭ ያያችሁት የመስመር አቀማመጥ በውስጥም ካልተደገመ ወጥ አይደለም።

የፊት ገጹ ይህን ያህል የሚያነጋግረው የጊታር ድምፅ በአብዛኛው የሚወለደው ከእሱ ስለሆነ ነው። ስድስቱ የብረት ክሮች ተቃኝተው ሲወጠሩ በአንድነት 70 ኪሎ ግራም ገደማ ይስባሉ፤ ይህን ሁሉ ኃይል የሚሸከመውና እየተርገበገበ ወደ ድምፅ የሚለውጠው ሦስት ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው ሳንቃ ነው። ስፔናዊው የጊታር ሠሪ አንቶኒዮ ዴ ቶሬስ እ.ኤ.አ. በ1862 የፊት ገጹን ከጥሩ እንጨት፣ ጎኑንና ጀርባውን ግን ከወረቀት ቡኮ የሠራው ጊታር የዚህ ማስረጃ ሆኖ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። ስለዚህ በመጠነኛ ዋጋ የሚሸጡ መልካም ጊታሮች አብዛኞቹ ፊታቸው ወጥ ስፕሩስ ወይም ሴዳር፣ ጎናቸውና ጀርባቸው ፕላይውድ ሆኖ ይሠራሉ፤ ይህ ማጭበርበር ሳይሆን በግልጽ የሚነገር ብልህ ቁጠባ ነው። ለምሳሌ የያማሃ ኤፍጂ 800 ፊቱ ወጥ ስፕሩስ መሆኑ በመግለጫው ላይ በማያሻማ ቃል ተጽፏል።

በዚህ ምክንያት የመግለጫውን ቃል እንደ ውል አንብቡት። «ሶሊድ ስፕሩስ ቶፕ» የሚለው ፊቱ ወጥ መሆኑን ይናገራል። «ኦል ሶሊድ» የሚለው ጎንና ጀርባውንም ይጨምራል። «ስፕሩስ ቶፕ» ብቻ ወይም «ሴሌክት ስፕሩስ» የሚል ከሆነ ግን በአብዛኛው ከላይ ያለው ስስ ልጥ ስፕሩስ ነው ማለት ነው። አንድ ሠሪ ወጥ እንጨት ተጠቅሞ ሳለ ይህን ቃል ሳይጽፍ አይቀርም፤ ትልቁ መሸጫው ነውና። በርካሽ ጊታር ላይ «የብራዚል ሮዝውድ» የሚል ጽሑፍ ካያችሁም ተጠራጠሩ፤ ይህ እንጨት እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ በዓለም አቀፍ ንግድ ላይ ጥብቅ ክልከላ የተጣለበት ነው።

ለፕላይውድ ግን ፍትሕ ልስጥ። ፕላይውድ የአየር እርጥበት መለዋወጥን ከወጥ እንጨት በተሻለ ይቋቋማል፤ በደንብ የተገጠመ ከሆነም ለጀማሪ ከበቂ በላይ ነው። የማውቀው አንድ ሰው ሙሉ በሙሉ ፕላይውድ የሆነ ጊታር ገዝቶ ለዓመታት ያለ ችግር ተጫውቶበታል፤ ሲገዛው ምን እንደሆነ ያውቅ ነበር፣ የከፈለውም ለዚያው ነው። ሌላዋ ወዳጄ ደግሞ ፊቱ በእርግጥም ወጥ የሆነ ጊታር በጥሩ ዋጋ አግኝታ፣ በጥቂት ወራት ውስጥ ብሪጁ ከኋላ በኩል መላቀቅ ጀመረባት። ከሁለቱ አንዱን ምረጥ ብባል ያለ ጥርጥር የመጀመሪያውን እመርጣለሁ። የድምፅ ውበት ሊጠበቅ ይችላል፤ ማዕዘኑ የተበላሸ አንገትና የሚላቀቅ ብሪጅ ግን ማንንም አያስተምሩም።

ስለዚህ ልትገዙ ስትሄዱ ቀጥ ያለ ረጅም ማስመሪያ፣ አንድ ወረቀትና የመቃኛ መሣሪያ ያዙ። ማስመሪያውን በፍሬቶቹ ላይ አጋድማችሁ ጫፉ ከብሪጁ አንጻር የት እንደሚያርፍ እዩ፤ ከዚህ የሚበልጥ ምርመራ የለም። ወረቀቱን በብሪጁ ጠርዝ ሥር ለማስገባት ሞክሩ፤ ከገባ መላቀቅ ጀምሯል። ከዚያ እያንዳንዱን ክር በአሥራ ሁለተኛው ፍሬት ላይ ሳትጫኑ በጣት ብቻ ነክታችሁ ምቱ፣ ቀጥሎም እዚያው ተጭናችሁ ምቱ፤ የመቃኛ መሣሪያው ሁለቱን ድምፆች እኩል ሊያሳይ ይገባል። ጥቂት ልዩነት በሳድል ሥራ ይስተካከላል፣ ትልቅ ልዩነት ግን ብዙ ጊዜ የክሮቹን ከፍታ ወይም ያለ ቦታው የተለጠፈ ብሪጅን ያመለክታል። እጃችሁን በአንገቱ ጎን አንሸራትቱ፤ የፍሬቶቹ ጫፍ ጣት የሚቧጭር ከሆነ እንጨቱ ደርቆ ተኮማትሯል፣ ወይም ጫፎቹ በደንብ አልተሞረዱም። ወጥ ፊት ያለው ጊታር አንጻራዊ እርጥበቱ ከ45 እስከ 55 በመቶ በሆነ አየር ውስጥ መቀመጥ ይገባዋልና፣ በሻጩ ዘንድ ደርቆ የከረመ መሣሪያ ቤታችሁ ገብቶ ሊሰነጠቅ ይችላል። ሻጩ ይህን ሁሉ ስታደርጉ ቢያቻኩላችሁ ወይም ማስመሪያውን ቢከለክላችሁ ትታችሁ ውጡ። በቦርሳው፣ በማንገቻውና በፒኩ ብዛት አትማረኩ፤ እነዚያን በማንኛውም ጊዜ ለየብቻ መግዛት ይቻላል።

አንድ ነገር ልጨምር። የናይለን ክር ለተሠራለት ክላሲካል ጊታር የብረት ክር ገጥመው የሚሸጡ አሉ፤ ድምፁ ለጊዜው ጎልቶ ይሰማል፣ ነገር ግን የውስጥ ርብራቡ ለዚያ ክብደት ስላልተሠራ ፊቱ ያብጣል፣ ብሪጁም ይነቀላል። የአንገቱ ራስ በሁለት ረጃጅም ክፍተቶች የተሰነጠቀና አንገቱ ሰፊ ሆኖ የብረት ክር ካያችሁበት፣ ለምን ብላችሁ ጠይቁ።

ጊታሩን ለመመለስ ስሞክር ሻጩ ሁለት ምክንያት አቀረበልኝ፤ ሦስት ወር ማለፉን፣ ክሮቹም መቀየራቸውን። «ወጥ ነው ብለኸኝ ነበር» ስለው «እንጨት ነው አልሁ እንጂ ወጥ ነው አላልሁም» አለኝ፤ እውነቱን ነበር፣ በእጄም ምንም የጽሑፍ ማስረጃ አልነበረኝም። እንዲህ ያለ ዕቃ ቀድሞ የገዛችሁ ካላችሁ፣ ሳድሉን አታስሞርዱ፣ ምንም ነገር አትንኩ፤ ማስመሪያው ብሪጁን ሲመታ የሚያሳይ ፎቶግራፍ አንሡና የመመለሻው ጊዜ ሳያልፍ ቅሬታችሁን በጽሑፍ አቅርቡ።

ከወራት በኋላ ሁለተኛ ጊታር ልንገዛ ስንሄድ ማስመሪያውን የያዘችው እህቴ ነበረች። ሁለቱን ለክታ መለሰች። ሦስተኛው ላይ ማስመሪያው በፍሬቶቹ ላይ ተንሸራቶ በብሪጁ አናት ላይ ቀስ ብሎ ወጣና እዚያው አረፈ። የድምፅ ቀዳዳውን ጠርዝ በስልኳ መብራት አየች፤ የእንጨቱ መስመሮች ከፊቱ ወደ ውስጥ ሳይቋረጡ ይወርዱ ነበር። ከዚያ ሻጩን ደረሰኙ ላይ «ፊቱ ወጥ ስፕሩስ» ብሎ እንዲጽፍላት ጠየቀችው፤ ጻፈላት፣ ፈረመበትም።